ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሰርቨሩን የሚያበራው ማን ነው? የጤና ዲጂታል ሥርዓትን በራሳችን ገንዘብ ስለማቆም

ካርድ ክፍል (ደብረ ማርቆስ)
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2፡20

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የጤና መረጃ ቴክኒሻን ሆኜ እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የውጭ እርዳታ ፕሮጀክት አማካይነት የሕሙማን ካርድ በኮምፒውተር የሚያዝበት ሥርዓት ተተከለልን። ኮምፒውተሮቹ መጡ፣ ገመዱ ተዘረጋ፣ ሥልጠናው በሆቴል አዳራሽ ተሰጠ፣ አበሉም ተከፈለ። ሥርዓቱ በደኅና ይሠራ በነበረበት ወቅት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ሥር ይሰለፍ የነበረው ሕዝብ እየሳሳ መሄዱን በዓይኔ አይቻለሁና የቴክኖሎጂውን ጥቅም የሚጠራጠር ሰው ቢመጣ ለመከራከር አልቸገርም። ነገር ግን ፕሮጀክቱ ተዘጋ። መረጃ የሚያስገቡት ሁለት የኮንትራት ሠራተኞች ደመወዛቸው ከዚያው ስለነበር ተሰናበቱ። መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩ፣ ባትሪ አረጀ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰርቨሩ ሲወድቅ ሲነሣ ከረመና አንድ ቀን አልነሣም አለ። ዋናውን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ባለሙያም ሥራ ቀይሮ ነበር። ዛሬ ካርድ የምንፈልገው እንደ ጥንቱ መሰላል ላይ ወጥተን ነው፤ ያልተገኘ እንደሆነም አዲስ ካርድ አውጥተን የታማሚውን የኋላ ታሪክ ከራሱ አፍ እንጠይቃለን።

ይህ የእኛ ቤት ገጠመኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላመጣሁት ነበር። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀናት ሲያግድ፣ በሀገራችን በዚያው ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። መጋቢት 1 ቀን የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ከሆነው ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዙ ተነገረ፤ ሰኔ 24 ቀን ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። በየወሩ ሪፖርት የምንልክበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር መሠረቱ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሶፍትዌሩ በነጻ የሚገኝ በመሆኑ ማንም አይነጥቀንም። የሚነጠቀው ሥልጠናው፣ የክትትል ጉዞው፣ የታብሌቱ ጥገና፣ የኢንተርኔቱ ክፍያና የሰዎቹ ደመወዝ ነው። እርዳታ ሰጪውን መውቀሴ አይደለም። ላሚቱን ሰጥቶ ሣሩን እኛ እንድናቀርብ መጠበቁ ነውር የለውም፤ እኛ ግን ሣር የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ሳንነጋገር ላሚቱን ተቀብለን በረት አስገባናት።

በብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናቶች እንደታየው፣ ከሀገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ ሲሶ ያህሉ ከውጭ፣ ሲሶ ያህሉ ከመንግሥት፣ ሲሶ ያህሉ ደግሞ ከቤተሰብ ኪስ ሲመጣ ኖሯል። የመጀመሪያው ሲሶ ከተነቃነቀ ቀሪዎቹ ሁለቱ በቅድሚያ መድኃኒትንና ክትባትን እንደሚያስቡ ግልጽ ነው፤ ስለ ሰርቨር ባትሪ የሚያስብ አይኖርም። ስለዚህ ጥያቄዬ ጠባብ ነው። የጤና ተቋማት ከካርድ፣ ከምርመራና ከመድኃኒት የሚሰበስቡትን የውስጥ ገቢ በቦርዳቸው ውሳኔ ለራሳቸው አገልግሎት እንዲያውሉ ከተፈቀደላቸው ወደ ሃያ ዓመት ሆኗል። ከዚህ ገቢ ላይ ለዲጂታል ሥርዓቱ ቀጣይ ወጪ በየዓመቱ ቋሚ ድርሻ ማስያዝ ይቻላልን? ካልተቻለ፣ ከዚሁ ከአካባቢያችን የሚገኝ ሌላ ምን የገንዘብ ምንጭ አለ? ልምድ ያላችሁ ብትጽፉልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


የዱርቤቴ መድኅን (ደቡብ አቸፈር)
ኅዳር 8 ቀን፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ ካርድ ክፍል፣ ጥያቄህ እኔ ከምሠራበት ቤት ደጃፍ ላይ ደርሷልና ዝም ማለት አልቻልሁም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከክልላችን የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ፎገራና የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበሩ። በዚያን ጊዜ ገበሬው «ሳልታመም የምከፍለው ለማን ነው?» ይል ነበር፤ ዛሬ ምርት በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ደብተሩን ይዞ ለማሳደስ የሚመጣው እርሱ ነው። ይህንን የማነሣው ለመኩራራት አይደለም፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ በገጠር ከሕዝቡ ኪስ ወጥቶ በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣ የጤና ገንዘብ ቢኖር ይኸው ነውና፣ ስለ ሀገር ውስጥ ኢንቨስትመንት ስንነጋገር ከዚህ መነሣት ይገባናል ብዬ ስለማምን ነው።

አሠራሩን ለማያውቁ ላስረዳ። አባሉ የመድኅን ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ የታደሰ መሆኑ ታይቶ ይታከማል፤ የተሰጠው አገልግሎትና የመድኃኒቱ ዋጋ በቅጽ ላይ ይሞላል፤ ተቋሙ ቅጾቹን ሰብስቦ በየሩብ ዓመቱ የክፍያ ጥያቄ ያቀርብልናል። ከዚያ እኛ በካርቶን የመጣውን ወረቀት እያገላበጥን እንመረምራለን። ፊርማ የጎደለው አለ፤ አንዱ ታማሚ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የተጻፈበት አለ፤ ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር የማይገጥም አለ። ተቋሙ ደግሞ በበኩሉ ቅጹ ስለጠፋ ያልጠየቀን፣ ነገር ግን በእርግጥ የሰጠው አገልግሎት አለ። እኛ ሳይገባን የምንከፍለው፣ ተቋሙም ሲገባው የሚያጣው ገንዘብ መኖሩን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ግን ያው ሥርዓቱ ያስፈልጋል። ነገሩ እዚህ ላይ ይዞራል።

እንግዲህ ሐሳቤ የሚከተለው ነው። የዲጂታል ሥርዓቱ መጀመሪያ መሸፈን ያለበት የክፍያ ጥያቄውን ይሁን። የሕክምና ታሪኩ፣ የላቦራቶሪው፣ የራጁ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይከተል። ገንዘብ የሚያድን ክፍል ገንዘብ ለማያመጣው ክፍል መንገድ ይከፍትለታልና። ከመድኅን ፈንዱም በኮምፒውተር ተሟልቶ ለሚቀርብ ለእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ጥቂት ሳንቲም ለሥርዓቱ ማስኬጃ ቢመደብ ማንንም አይጎዳም።


አያ ባላገር (ቢቸና)
ኅዳር 9 ቀን፣ ከጧቱ 1፡40

በፋይናንስ ሥራ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ አሁን ጤፌን እያጨድሁ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ ብዙ አልቆይም።

ዱርቤቴ፣ ልጄ፣ ያልኸው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ በመጨረሻው ላይ ተሰናከልህ። ገበሬው መድኅን የሚከፍለው ሲታመም ሊታከምበት ነው። የእናንተን የሠራተኞቹን ደመወዝ እንኳ መንግሥት የሚችለው ለዚሁ ሲባል ነው። ዛሬ «ጥቂት ሳንቲም ለሶፍትዌር» ብለህ የከፈትኸውን ቀዳዳ ነገ ሌላው ለነዳጅ፣ ከነገ ወዲያ ሌላው ለስብሰባ ሻይ ያሰፋዋል። ይህንን በሕይወቴ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የት እንዳየሁት ግን አልናገርም።

ሌላው፣ «ኢንቨስትመንት» የሚለውን ቃል ስትጠቀሙ ጠንቀቅ በሉ። እርዳታ የሰጠ ሰው ትርፍ አይጠይቅም፤ ኢንቨስት ያደረገ ሰው፣ የአገር ልጅም ቢሆን፣ ይጠይቃል። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ሊሸጥ ከታሰበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ውስጥ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ነው፤ 3.2 ቢሊዮን ብር መሆኑ ነው። ሕዝቡ በየኪሱ ይዞት የሚዞረው፣ ትርፉ በአደባባይ የሚታወቅ ድርጅት ይህን ያህል ከሸጠ፣ የአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ባለ አክሲዮን ያገኛል ብላችሁ ታስባላችሁን? ዓባይን በቦንድና በ8100 መልእክት ገደብን የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም ከጡረታዬ ላይ ገዝቻለሁ። ይሁን እንጂ ግድብ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ሕዝብን አንድ ጊዜ አስነሥቶ ለአሥራ አራት ዓመት ማቆየት የተቻለው ግድቡ በዓይን ስለሚታይ ነው። የይለፍ ቃልና ባትሪ ሕዝብን አያስነሡም።

መንግሥትስ ብትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ፈርመዋል። ፊርማው አሁንም አለ። ወደ አጨዳዬ ልመለስ።


ኮድ ጸሐፊ (ደብረ ማርቆስ)
ኅዳር 9 ቀን፣ ከቀኑ 7፡30

አያ ባላገር፣ እግዚአብሔር ጤናዎን ይስጥልን፤ አጨዳውም ይቅናዎ። ስለ መድኅኑ የተናገሩትን እቀበላለሁ። ስለ ባለሀብቱ ግን ጥቂት ልከራከርዎ።

ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለክሊኒኮችና ለመድኃኒት መደብሮች ሶፍትዌር እንሠራለን። ስለዚህ ወጪው ከምን ከምን እንደሚገነባ ከውስጥ አውቀዋለሁ። ብዙ ሰው ዋናው ወጪ ሶፍትዌሩ ይመስለዋል። በዓለም ላይ የሚሠራባቸው ክፍት የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌሮች ግን ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ኦፕንኤምአርኤስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2004 ኬንያ ኤልዶሬት ውስጥ ለኤችአይቪ ሕክምና ክትትል ተብሎ የተጀመረ ነው፤ በእርሱ ላይ የተገነባው ባህምኒም በሕንድ አንድ የገጠር ሆስፒታል ፍላጎት መነሻነት የተሠራ ነው። የፋይዳ መታወቂያችን እንኳ ባንጋሎር በተሠራ ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ «የውጭ» እና «የሀገር ውስጥ» የሚለውን መለያ በሶፍትዌሩ የትውልድ ቦታ አናድርገው። መለያው ማስተካከያውን ማን ይጽፋል፣ ሌሊት ሲበላሽ ማን ይጠራል፣ ክፍያውስ በምን ገንዘብ ነው የሚለው ይሁን።

በምን ገንዘብ የሚለውን ላስፋው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያን ጊዜ ለውጭ ኩባንያ በዓመት በዶላር የሚከፈል የደመና አገልግሎት (በኢንተርኔት የሚከራዩት ሰርቨር) የነበረው ደንበኛዬ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳያጠፋ ወጪው በእጥፍ ተመነደገበት። እርዳታ ሰጪው ዶላር ስላለው ይህ አይታየውም፤ ስለዚህም ዶላር የሚበላ ሥርዓት ነድፎ ይተክልና ሲሄድ የብር ገቢ ላለው ተቋም ያወርሰዋል። በብር የሚከፈል የቴሌ ክላውድ ወይም ደግሞ በራሱ በሆስፒታሉ ግቢ የተቀመጠ አነስተኛ ሰርቨር ቢሆን ግን ወጪው ከገቢው ጋር በአንድ ቋንቋ ይነጋገራል።

በግቢ ውስጥ ስለሚቀመጥ ሰርቨር ስናገር ሌላም ምክንያት አለኝ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ ሀገር ባለ ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ ሁሉ ዓይኑ ጠፋ። በዚያው ወቅት በግቢ ውስጥ ገመድ ብቻ የሚሠራ ሥርዓት የነበራቸው አንድ ሁለት ደንበኞቻችን ካርድ ማውጣት አላቋረጡም። እርዳታ በሚሰጠው ወገን ሰነድ ላይ «ኢንተርኔት አለ» የሚል ግምት በመጀመሪያው ገጽ ይጻፋል፤ እዚህ ተወልዶ እዚህ የሚሠራ ሰው ግን የሚነሣው «የለም» ከሚለው ነው።

አሁን ወደ ባለሀብቱ። አያ ባላገር እንዳሉት አክሲዮን ገዥ አይመጣም፤ አልጠብቅምም። እኔ የምፈልገው ብድር ነው። ባንክ ስሄድ ቤትህን ወይም መኪናህን አምጣ እባላለሁ። ከሦስት ዓመት ውል በቀር የማስይዘው ነገር የለኝም። ጨረታ ላይ ደግሞ የአምስት ዓመት የሂሳብ ሪፖርትና ለእኛ የማይታሰብ የሥራ ማስከበሪያ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ሥራው ሌላ ከተማ ላለ ድርጅት ይሰጥና እርሱ በንዑስ ውል መልሶ ለእኛ ለመሰሉት ያከራየዋል። ይህ ሳይስተካከል «የሀገር ውስጥ ኢንቨስትመንት» ማለት እንዲያው ቃል ነው።


ኤክስቴንሽን (ጎዛምን)
ኅዳር 9 ቀን፣ ከምሽቱ 3፡10

ወንድሞቼ፣ ስለ ሆስፒታል ብቻ ተነጋገራችሁና ጤና ኬላን ረሳችሁ።

እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። የቤተሰቡን ማኅደር በወረቀት ስንሞላ ኖረን ታብሌት ተሰጠን። ጥሩ ነው። ነገር ግን ታብሌቱ ይበላሻል፣ መረጃው ይጠፋል ተብሎ ስለተፈራ ወረቀቱም አልቀረም፤ ስለዚህ ቀን በየቤቱ ዞሬ በወረቀት የጻፍሁትን ማታ በኩራዝም በሶላርም ብርሃን በታብሌት እደግመዋለሁ። ሁለት ሥራ፣ አንድ ደመወዝ።

አንድ ቀን ታብሌቱ ወንዝ ስሻገር ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ለሚመለከተው ቢሮ ባመለክት «የሚጠግነው ፕሮጀክቱ ነው» ተባልሁ። ፕሮጀክቱን ብጠይቅ «ዘመኑ አልቋል» ተባልሁ። በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ስልክ ከሚጠግን ልጅ ዘንድ ከደመወዜ ከፍዬ አስጠገንሁት። ሻርጅ ለማድረግም ወፍጮ ቤት እየሄድሁ የምከፍልበት ጊዜ ነበረ። እንግዲህ የሀገር ውስጥ ባለሀብት የምትፈልጉ ከሆነ የመጀመሪያዋ ባለሀብት እኔ ነኝ፤ ትርፌ ግን እስካሁን አልደረሰኝም።

ይህን የምጽፈው ለማማረር ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ለጥገና የተያዘው ገንዘብ ለእኛ ቅርብ በሆነ ቦታ ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም። ለአንድ መስታወት ጥገና ባሕር ዳር ድረስ ደብዳቤ የሚጻጻፍ ከሆነ ከውጭ ቢመጣ፣ ከሀገር ውስጥ ቢመጣ ለእኔ ያው ነው። በየጤና ጣቢያው ኃላፊ እጅ፣ በደረሰኝ የሚወራረድ አነስተኛ የጥገና ገንዘብ ይኑር። የአማራ ልማት ማኅበር (አልማ) ከአባላት መዋጮ ጤና ኬላ ሲሠራ ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ ያቀርብ የለም እንዴ? ጤና ኬላው ከቆመ በኋላ በውስጡ ላለው ዕቃ ማን ያዋጣል የሚለውን የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።


ከሩቅ ሀገር
ኅዳር 10 ቀን፣ ከሌሊቱ 8፡50

የቡሬ ልጅ ነኝ፤ ውጭ ሀገር በሙያዬ እሠራለሁ። የእኅታችንን ጽሑፍ አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚህ ከሆስፒታሎች የሚወገዱ በደኅና ሁኔታ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች አሉ። ከወገኖቼ ጋር አሰባስበን ሃያ ያህሉን ብንልክ ይጠቅማልን? በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በቀን አንድ ዶላር ተብሎ በተጀመረው የዳያስፖራ ፈንድ ላይ ተሳትፌ ነበርና ከዚያ የተሻለ፣ በቀጥታ የሚታይ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ። የእኛስ ገንዘብ የውጭ ነው ወይስ የሀገር ውስጥ?


ኮድ ጸሐፊ
ኅዳር 10 ቀን፣ ከጧቱ 2፡15

ወንድማችን፣ ልብህን እግዚአብሔር ይባርከው። ኮምፒውተሩን ግን አትላክ። የማጓጓዣውና የጉምሩኩ ጣጣ አለ፤ ያረጀ ባትሪ ይዞ ይመጣል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ መለዋወጫው ስለማይገኝ ከእኛው መጋዘን ጥግ ይቆለላል። ካርድ ክፍል የነገረን ታሪክ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ከተቻላችሁ በማኅበር ሆናችሁ የአንድ ወጣት ቴክኒሻን የሁለት ዓመት ደመወዝ ቻሉ፤ በሦስተኛው ዓመት ሆስፒታሉ በራሱ መደብ እንዲቀጥረው በውል እሰሩት።

የውጭ ነው ወይስ የሀገር ውስጥ ላልኸው፣ መቼ እንደሚያቆም አስቀድሞ የተነገረና ተረካቢው የታወቀ ገንዘብ ከየትም ቢመጣ አይጎዳም።


ውል አንባቢ (ፍኖተ ሰላም)
ኅዳር 10 ቀን፣ ከቀኑ 9፡00

በሕግ ሙያ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ሁለት ነጥብ ብቻ አክላለሁ።

ኮድ ጸሐፊ ቤት ስለሌለኝ ብድር አላገኝም ብለሃል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ ከውል የሚመነጭ ወደፊት የሚሰበሰብ ገንዘብም ለብድር መያዣ ሊሆን እንደሚችል በሕግ ተፈቅዷል። ባንኮቻችን በተግባር ከቤትና ከመሬት ፈቀቅ ለማለት ቢያመነቱም፣ ከመንግሥት ሆስፒታል ጋር የተፈረመና በየሩብ ዓመቱ የሚከፈል የአገልግሎት ውል ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አልሄደም። አነስተኛ ብድርን በሚገባ የሚያውቀው፣ ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ባንክነት ያደገው ጸደይ ባንክ በየወረዳችን አለ፤ በዚህ ዓይነት መያዣ ላይ አነጋግረኸው ካልሆነ አነጋግረው። ውሉ ግን በጀት የተያዘለት መሆን አለበት። በጀት የሌለው ውል ለባንክ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከገንዘቡም ይበልጥ ያሳስበኛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ጋር መድቦታል። የውጭ ድርጅት ሲሠራልን መረጃችን ወደ ውጭ ሄደ ብለን እንሰጋለን፤ የአገራችን ልጅ ሲሠራልን ግን ስጋቱ የሚቀር ይመስለናል። በትንሽ ከተማ ውስጥ የጎረቤቴን የኤችአይቪ ውጤት ኦስሎ ያለ ሰው ከሚያየው ይልቅ የዚሁ ቀበሌ ልጅ ቢያየው ጉዳቱ የከፋ ነው። ስለዚህ ማንም ይክፈል ማን በውሉ ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ መረጃው የተቋሙና የታካሚው እንጂ የሶፍትዌር ሠሪው አለመሆኑ፣ ውሉ ሲያበቃ መረጃው ሌላ ሥርዓት ሊያነበው በሚችል መልክ የሚረከብ መሆኑ፣ ዋናው የይለፍ ቃልም በታሸገ ፖስታ በተቋሙ ካዝና የሚቀመጥ መሆኑ። ሦስተኛው ቀላል መስሎ ይታያል፤ የካርድ ክፍልን ሰርቨር የቀበረው ግን እርሱ ነው።


የዱርቤቴ መድኅን
ኅዳር 10 ቀን፣ ከምሽቱ 1፡45

አያ ባላገር የሰጡኝን ተግሣጽ ሁለት ቀን ሳሰላስለው ቆየሁ፤ እርስዎ ትክክል ነዎት። የመዋጮው ገንዘብ ይነካ ማለቴን አንሥቻለሁ።

ነገር ግን መድኅኑ ከገንዘብ ሌላ የሚሰጠው ነገር አለው፤ ጊዜ። ዛሬ ጤና ተቋማት በእኛ ላይ ያላቸው ትልቁ ቅሬታ ክፍያ መዘግየቱ ነው። የሚዘገየውም ከፊሉ ወረቀት በማገላበጥ ነው። ስለዚህ «የክፍያ ጥያቄውን በኮምፒውተር አሟልቶ ላቀረበ ተቋም በ30 ቀን ውስጥ ይከፈላል፤ በካርቶን ያቀረበ ተራውን ይጠብቃል» ብለን በውላችን ላይ ብንጽፍ ከፈንዱ አንዲት ብር አትወጣም። ተቋሙ ደግሞ ገንዘቡ በፍጥነት ሲመለስለት መድኃኒት ቶሎ ይገዛል፤ የጠፋ ቅጽም አይኖርበትም። ከዚያ ከሚያገኘው ጥቅም ላይ ለቴክኒሻኑና ለባትሪው ራሱ ይከፍላል። የሥርዓቱ ከፋይ ተቋሙ፣ የመክፈል ምክንያት ሰጪው ግን መድኅኑ ይሆናል ማለት ነው። ይህንን ለወረዳችን የመድኅን ቦርድ በጽሑፍ ለማቅረብ ወስኛለሁ።


አያ ባላገር
ኅዳር 11 ቀን፣ ከጧቱ 12፡30

እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ካርድ ክፍል፣ ልጄ፣ ወደ ቦርድህ ስትገባ «ከውስጥ ገቢ ይህን ያህል በመቶ ስጡኝ» ብለህ አትጀምር። በመቶ የሚሉት ነገር ቦርድን ያስደነግጣል። ሆስፒታልህ በዓመት ለካርድ፣ ለመዝገብና ለቅጽ ሕትመት የሚያወጣውን ደረሰኝ ሰብስብ። ያ ገንዘብ አሁንም ከውስጥ ገቢ እየወጣ ነው፤ ማንም ኢንቨስትመንት ብሎ አይጠራውም እንጂ። «ከዚህ ላይ ይህን ያህሉን አዙሩልኝ፣ የቀረውን ወረቀት እንግዛበት» በላቸው። የመድኃኒት ተዘዋዋሪ ፈንድን፣ ከመድኃኒት ሽያጭ ተሰብስቦ መልሶ መድኃኒት የሚገዛበትን ገንዘብ፣ ግን አትጥራው፤ እርሱን የነካ ሰው መድኃኒት ቤቱን ባዶ ያደርጋል።


ኤክስቴንሽን (ጎዛምን)
ኅዳር 11 ቀን፣ ከቀኑ 6፡20

ለእኔም አንድ መስመር ጨምርልኝ፤ በሆስፒታሉ ሥር ለተመደቡት ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች የታብሌት ጥገና የሚል። ሥርዓቱ በደንብ ከሠራ ደግሞ ወረቀቱን ለመተው ቀን ይቆረጥልን። ሁለቱንም እየጻፍን ሕትመቱ አይቀንስም፤ የአያ ባላገር ስሌትም ይፈርሳል።


ካርድ ክፍል (ደብረ ማርቆስ)
ኅዳር 13 ቀን፣ ከምሽቱ 2፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእኅታችን ነጥብ ያልታሰበኝ ነበር፤ በእኛም ሆስፒታል ሥርዓቱ ይሠራ በነበረበት ዘመን ወረቀቱን አንድም ቀን አላቆምነውም። ስለዚህ ለቦርዱ የማቀርበው ጽሑፍ የሚጀምረው ከተመላላሽ ሕክምና ካርድ ክፍል ብቻ ሆኖ፣ ከተወሰነ ቀን በኋላ የወረቀት ካርድ ለአዲስ ታማሚ እንደማይወጣ የሚገልጽ ይሆናል። ውል አንባቢ የጻፋቸውን ሦስቱን ነጥቦች እንዳሉ ገልብጫቸዋለሁ። ኮድ ጸሐፊ፣ ለአንድ ግቢ ሰርቨር ከነባትሪውና ከነዓመታዊ ጥገናው በብር የተሰላ ዋጋ ብትልክልኝ፣ የእናንተ ብቻ እንዳይሆን ከሌሎች ሁለት ጋር አያይዤ አቀርበዋለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሕትመት ደረሰኞቹን ለመሰብሰብ መዝገብ ቤት ገብቼ ነበር። የ2015 እና የ2017 ዓ.ም. ጥራዞች ተገኝተዋል። የ2016ቱን ለማግኘት ነገ ጧት መሰላል ይዤ እመለሳለሁ።